የወንዝ ዳር መሬት እንዴት ይድናል?

የዛሬው የንባብ ትምህርታችን ስለ ወንዝ ዳር ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ስለዚህ በአንድ ማታ ልጨርሰው አትበሉ። ሁለት ሦስት ማታ ከፋፍላችሁ አንብቡት። በንባብ የቀደመ ሰው ገና ፊደል ለሚለቅመው ጮክ ብሎ ያንብብለት። በመጨረሻ ሒሳብና ጥያቄ አለበት።

አስቀድመን አራት ቃላት እንወቅ። «ደለል» ማለት ውኃ ተሸክሞ አምጥቶ የሚጥለው አፈር ነው። «ግርጌ» የአንድ ነገር የታችኛው ጫፍ ነው፤ የተራራ ግርጌ እንደምንል ሁሉ የወንዝ ዳርም ግርጌ አለው። «ተፋሰስ» ዝናቡ ወርዶ ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብበት አገር በሙሉ ነው። «ቁራጭ» የምንለው ደግሞ ከዛፍ ተቆርጦ መሬት ውስጥ ሲተከል ሥር የሚያወጣ ቅርንጫፍ ነው። አራቱን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚህ በታች ደጋግመው ይመጣሉ።

ወንዝ መሬት የሚበላው እንዴት ነው?

ለምሳሌ የፎገራን አገር እንውሰድ። በደቡብ ጎንደር ጉና የሚባል ትልቅ ተራራ አለ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ። ዳገቱን ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የጣና ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ውኃው ከተራራው እስከ ሐይቁ ድረስ ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ቁልቁል የሚሮጥ ውኃ ጉልበት አለው፤ ያገኘውን አፈር ይሸከማል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ይደክማል። ሲደክም ሸክሙን ይጥላል። የጣለው ደለል ከዓመት ዓመት የወንዙን ወለል ከፍ ያደርገዋል። ወለሉ ከፍ ሲል ውኃው ቦታ ይጠበውና ከዳሩ ወጥቶ ማሳ ላይ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፤ እህልና ከብት አጥፍቷል። የዚያን ዓመት ነገር የሚያስታውሱ በመካከላችሁ ካሉ ይናገሩ፤ ለትምህርቱ ይጠቅማል።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ግንዱስ ይታያል። ከግንዱ ጋር አብሮ የሚሄደው አፈር ግን በደፈረሰው ውኃ ውስጥ ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም።

አሁን ወደ ዳሩ እንምጣ። ወንዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠማዘዛል። በመጠምዘዣው ላይ ውኃው በውጪ በኩል ይሮጣል፣ በውስጥ በኩል ያዘግማል። የሚሮጥበት ዳር ይበላል። የሚያዘግምበት ዳር አሸዋ ይጠራቀምበታል። ስለዚህ የዚህኛው ሰው መሬት ሲያንስ ለማዶኛው ሰው ይጨመርለታል የሚሉ አሉ። የሚጨመርለት ግን አሸዋ ነው። ጥቁር አፈር ሄዶ አሸዋ ቢመጣ ምን ይዘራበታል?

ውኃ ዳሩን የሚበላው ከላይ አይደለም፤ ከግርጌ ነው። ግርጌው ሲቦረቦር ከላይ ያለው መሬት እንደ ጣራ ክዳን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሣር ለብሶ ደህና ይመስላል። በሬ ሲረግጠው ነው ጉዱ የሚታየው።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ዳር በብዛት የሚናደው ጎርፉ ሞልቶ ሳለ አይደለም፤ ሲጎድል ነው። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ውኃው ራሱ ዳሩን ገፍቶ ይደግፈዋል። ዳሩም ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ጎርፉ በድንገት ሲጎድል ድጋፉ ይሄዳል፤ ክብደቱ ግን አለ። ያን ጊዜ ይገመሳል። ስለዚህ ዝናቡ አባራ፣ ወንዙ ጎደለ ብላችሁ ልጆች ከብት ይዘው ወደ ጫፉ እንዳይጠጉ ንገሯቸው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዛሬው ትምህርት ብትይዙ እንኳ ይበቃኛል።

ታዲያ ጥፋቱ ሁሉ የወንዙ ነው ማለት አይደለም። እስከ ጫፉ ድረስ የሚያርስ ሰው አለ። አንድ ፈር ለመጨመር ብሎ ዳሩን የያዘውን ቁጥቋጦ መንጥሮ ይነቅላል። ከብቱም በፈለገው ቦታ እየወረደ ይጠጣል፤ የወረደበት ሁሉ የጎርፍ በር ይሆናል። አሸዋ የሚዛቅበት ወንዝ ደግሞ ሌላ መከራ አለው። አሸዋው ሲወጣ የወንዙ ወለል ይጎደጉዳል፤ ግርጌው ባዶውን ይቀራል። ጉድጓዱም ባለበት አይቆምም፣ ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል እየበላ ይወጣል። የአሸዋው ገንዘብ ለጫነውና ላስጫነው ነው። መሬቱ የሚናድበት ሰው ግን ምናልባት መኪናውን ዐይቶትም አያውቅም።

ሥር ምን ይሠራል?

ግድግዳ ስትመርጉ ጭቃው ውስጥ ጭድ ትጨምራላችሁ። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። የዛፍና የሣር ሥርም በአፈር ውስጥ እንደ ጭድ ነው። አፈሩን እርስ በርሱ ያያይዘዋል። በዚህ ሥራ ላይ የሚበልጠው ወፍራሙ ሥር አይምሰላችሁ። እንደ ፀጉር የቀጠነው፣ በብዛት ያለው ሥር ነው አፈሩን ጨብጦ የሚይዘው። ስለዚህ ዛፍ ብቻ አይበቃም። ከዛፉ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ ያስፈልጋል።

ሥር ብቻም አይደለም። ግንዱ፣ ቅርንጫፉና ሣሩ ከላይ ያለውን ውኃ ያዘገዩታል። የዘገየ ውኃ ደለሉን እዚያው ይጥላል። ወንዙ ከእናንተ ከመውሰድ ይልቅ ለእናንተ ጥሎ ይሄዳል ማለት ነው። ዛፉም በበጋ ከዳሩ ውስጥ ውኃ ስለሚጠጣ አፈሩ ቶሎ አይከብድም።

ነገር ግን ዛፍ ሁሉን ያድናል የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ዳሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ገደል ከሆነ የችግኝ ሥር ግርጌው ድረስ አይደርስም። በተንጠለጠለ ጫፍ ላይ ትልቅ ዛፍ ቢኖር ደግሞ ነፋስ ሲገፋው ዳሩን ይዞ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ገደል በበጋ በደቦ ዶማ ይዞ ማስተኛት ያስፈልጋል። ማስተኛት ማለት ጫፉን ወደ ውስጥ ቆርጦ እንደ ዳገት ማጋደም ነው። ግርጌውን በድንጋይና በእንጨት ርብራብ መደገፍ፣ ከዚያ በኋላ መትከል። በድንጋይ ብቻ አንዱን ዳር ማጠር ግን ጠብ ያመጣል። ውኃው ከዚህ ሲከለከል ማዶ ሄዶ ይመታል።

ምን ይተከል?

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አኻያን በስሙ ያወቅሁት ገጠር ከመጣሁ በኋላ ነው። እናንተ ግን በወንዛችሁ ዳር ምን ይበቅል እንደነበር ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ነው። ድሮ እዚህ ዳር ምን ዛፍ ነበር? ከጎርፍ በኋላ ቆሞ የተገኘው የትኛው ነው? የመለሱላችሁን ጻፉት።

አንድ ዓይነት ዛፍ ከላይ እስከ ታች አይተከልም። ውኃው ጫፍ ላይ የሚችለውና ከላይ የሚችለው ይለያያል። ከታች፣ ጎርፍ በሚመታው ቦታ፣ ጎንበስ ብሎ የሚነሣ እንጂ ተገትሮ የሚሰበር አይሆንም። አኻያ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሸምበቆና ዝሆኔ ሣርም ጥሩ ናቸው። ቬቲቨር የሚባለው ሣር ሥሩ ከ2 ሜትር በላይ ጠልቆ ይወርዳል፤ የሚበዛውም ጉጦው እየተከፈለ ስለሆነ ወደ ማሳ ገብቶ አረም አይሆንም። ውኃው በሚተኛበት ቦታ ደንገል ይበቅላል።

ከዚያ ከፍ ሲል ሰስፓኒያ ይዘራል። ዘሩ እዚያው መሬት ላይ ሊዘራ ይችላል፤ በአንድ ዓመት ከሰው ቁመት ያልፋል። ቅጠሉ ለከብት መኖ ነው፤ መሬቱንም ያዳብራል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ጥቂት ዓመት ኖሮ ያልቃል። ስለዚህ ሰስፓኒያን እንደ ሞግዚት ቁጠሩት። እርሱ እስኪያረጅ ሌላው ያድጋል። ጭብሃም በቁራጭ ይጸድቃል፣ ቅጠሉን ከብት ይወደዋል። እርጥበት ባለበት ጌሾ ብትተክሉ ደግሞ ለገበያም ይሆናል።

ከላይ፣ በጫፉ ላይ፣ ዋናዎቹ ይቆማሉ፤ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳ። ዶቅማ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው፤ ፍሬው ይበላል። ዘሩን ግን ጎተራ ውስጥ አታስቀምጡት። ሲደርቅ ይሞታል። ፍሬው እንደበሰለ ወዲያው መዝራት ነው።

ስለ ባሕር ዛፍ ክርክር አለ። በንባብ ክፍላችንም ብዙ ተከራክረንበታል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ብዙ ቤት ሠርቷል፤ ብዙ ሰው ልጁን ያስተማረው በባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው። ይህን የሚክድ የለም። ለወንዝ ዳርና ለምንጭ ራስ ግን አይሆንም። ውኃ በብዛት ይጠጣል። ከሥሩም ሣር አያስጠጋም፤ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ራቁት መሬት ደግሞ ክረምት ሲመጣ ይታጠባል። ባሕር ዛፍ ለመትከል የፈለገ ሰው ከወንዙ ርቆ፣ ለእርሻ በማይሆን ጭንጫ ላይ ይትከል።

መቼና እንዴት?

ሁላችንም ዛፍ የሚተከለው በሐምሌ ነው ብለን ለምደናል። ለዳገት ትክክል ነው። ለወንዝ ዳር ግን ሁለት ጊዜ አለው። ከላይ በጫፉ ላይ ያሉትን ዋና ዋና ዛፎች ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰው በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ትከሉ። ከታች ያለውን ግን በሐምሌ ብትተክሉት የነሐሴ ጎርፍ ነቅሎ ይወስደዋል። የታችኛውን ጎርፉ ሲጎድል፣ በመስከረም ትከሉት። የወንዝ ዳር እርጥበት ቶሎ ስለማይጠፋ ቁራጩ ሥር ለመስደድ ጊዜ ያገኛል። ከሚመጣው ክረምት በፊት ዘጠኝ ወር አለው።

የአኻያ ቁራጭ አዘገጃጀት ቀላል ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ምረጡ። ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል ይሁን። የታችኛውን ጫፍ እንደ ችካል አሹሉ፤ የላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። እንዲህ ካደረጋችሁ የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ አይጠፋችሁም፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አይጸድቅምና። በዚያው ቀን ትከሉት። ካልተቻለ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ወይም ውኃ ውስጥ አቁማችሁ አሳድሩት። ከሦስት እጁ ሁለቱን እጅ መሬት ውስጥ ቅበሩ፤ ከላይ ጥቂት ብቻ ይታይ። አፈሩን በእግራችሁ ጠቅጥቁት። ነፋስ ከገባው ይደርቃል።

ለችግኝ የሚቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀቱም ስፋቱም አንድ ክንድ ይሁን። ስትቆፍሩ የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል አድርጉ። ስትመልሱ ጥቁሩ ከሥሩ ጋር ይግባ። ላስቲኩን ቅደዱና አውጡ። ላስቲኩን ሳይቀዱ መትከል በብዙ ቦታ የሚታይ ጥፋት ነው፤ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሞ ይቀራል፣ ዛፉም ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሳይታሰብ ይደርቃል። የተሰበሰበውን ላስቲክም ወንዙ ውስጥ አትጣሉት።

የተተከለው የማን ነው?

እስካሁን ያነበባችሁት ቀላሉ ነው። ከባዱ ይህ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በብዙ ተራራ ላይ እርከን ተሠርቷል፤ ዛፍ ተተክሏል። የተከለው ገበሬው ነው። ነገር ግን ዛፉ የማን እንደሆነ ገበሬው አላወቀም ነበር። የመንግሥት ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ያ ዛፍ በጥቂት ወራት ተጨፈጨፈ። የጨፈጨፈውም ሌላ ሰው አይደለም፤ የተከለው ሕዝብ ነው። ለምን? የእኔ ነው ያላለውን ነገር ማን ይጠብቃል?

ቆጠራም ራሱ ያሳስታል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ በአገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ትልቅ ቁጥር ነው። እኛን የሚያስፈልገን ግን የተተከለው ብቻ ሳይሆን በሚመጣው ሰኔ ቆሞ የተገኘው ቁጥር ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ዋንጋሪ ማታይ የተባሉ ሴት በ1969 ዓ.ም. የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ ይህ ገብቷቸው ነበር። የገጠር ሴቶች ችግኝ አፍልተው ሲተክሉ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፤ የሚከፈለው ግን ለጸደቀው ችግኝ ነው። ዋንጋሪ ማታይ በ1997 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸልመዋል።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ወንዝ ዳር አምስት ሜትር ስፋት ተከልሎ ሳይታረስ ይቅር ብንል የማን መሬት ነው የሚቀረው? መሬቱ ወንዝ ዳር ያለው ሰው ነው የሚጎዳው። ዳገት ላይ ያለው ሰው ምንም አይከፍልም። ይህን ጉዳይ በማታ ክፍላችን ስናነብ አንድ አባት ብድግ አሉና፣ «አንቺ ልጅ፣ ወንዙ የወሰደው አንሶ የቀረችኝን ደግሞ አንቺ ልትወስጂ መጣሽ?» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እውነታቸውን ነው። መሬታቸው ጥቂት ነው፤ የሚያሳድጉት ደግሞ ብዙ ነው። መልስ የሰጠቻቸው ጎረቤታቸው ናት። «አያ፣ ወንዙ እኮ ሲወስድ አይጠይቅዎትም፤ ደረሰኝም አይሰጥዎ። እኛ ከወሰድን እንጽፋለን፣ እንፈርማለን፣ ሣሩንም ለእርስዎ እንሰጣለን» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡን በሰሌዳው ላይ አብረን ሠራነው። እናንተም ሥሩት። ወንዝ ዳር 100 ሜትር ርዝመት ያለው ማሳ አለ እንበል። 5 ሜትር ስፋት ቢከለል፣ 100 ጊዜ 5 ሲባዛ 500 ካሬ ሜትር ነው። በብዙ ቦታ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለት 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የሚከለለው የጥማድ አንድ አምስተኛ ነው። ወንዙ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ሜትር ብቻ ቢበላ በዓመት 100 ካሬ ሜትር ይወስዳል። በአምስት ዓመት 500 ይሞላል። ያው የጥማድ አንድ አምስተኛ ሆነ። በ25 ዓመት ሙሉ ጥማድ ይሄዳል። የተከለለው ግን ሣር ይሰጣል፣ መኖ ይሰጣል፣ ቆይቶም እንጨት ይሰጣል።

ይህ ሒሳብ ለአምስት ዓመት በኋላ ጥሩ ነው። ለዘንድሮ ግን ለሰውየው ምሳ አይሆንም። ስለዚህ ጫናው መከፋፈል አለበት። የጉድጓዱን ቁፋሮና የአጥሩን ሥራ በወንፈል ወይም በደቦ ሁሉም ይሥራ፤ ዳገት ላይ ያለውም ይምጣ፤ ከእርሱ ማሳ የሚወርደው ጎርፍ ነውና ታች ያለውን የሚጎዳው። የተከለለው ሣር መጀመሪያ ለባለ መሬቱ ይሁን፤ የተረፈው መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ለባልቴቶች። ከብት አይግባበት፤ ሣሩ ታጭዶ ይወሰድ። ለከብቱ አንድ የውኃ መውረጃ መንገድ በጠንካራ ቦታ ላይ፣ ከመጠምዘዣው ውጪ ዳር ራቅ አድርጋችሁ፣ በድንጋይ አንጥፉለት። መንገድ ሳይሰጡት ከልክሎ መቆየት አይቻልም፤ ከብት ይጠማል።

ማዶ ያለውንም መርሳት አይገባም። ርብ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ይለያል። አንዱ ወረዳ ቢተክልና ሌላው እስከ ጫፉ ቢያርስ ሥራው ግማሽ ነው። ወንዛችሁ ሁለት ቀበሌ የሚለይ ከሆነ የማዶውን ሰዎች ጠርታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። በሠርግና በለቅሶ እንደምትገናኙት ለዚህም ተገናኙ።

ስለ ደብተር

ብዙዎቻችሁ የመሬት ይዞታ ደብተር አላችሁ። እስከ ዛሬ በሣጥን ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ይሆናል። አሁን ማንበብ ስለቻላችሁ አውጥታችሁ አንብቡት። «አዋሳኝ» የሚል ቃል ፈልጉ። በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ከማን ጋር እንደምትዋሰኑ ተጽፏል። በአንደኛው በኩል «ወንዝ» የሚል ከሆነ ልብ በሉ። ጎረቤት ድንበር ቢገፋ ሽማግሌ ይጠራል፣ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ወንዝ ድንበር ቢገፋ ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል አይለወጥም፤ መሬቱ ግን ያንሳል። የስፋቱ ቁጥርም እንደ ድሮው ተጽፎ ይቀራል። የደብተራችሁን ስፋት አንብቡና ማሳውን በገመድ ለክታችሁ አስተያዩ። ልዩነት ካለ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በኩል አስመዝግቡ።

የምትከልሉትም መሬት የማን እንደሆነ፣ ሣሩና እንጨቱ ለማን እንደሚገባ በቃል ብቻ አይቅር። ቃል ይረሳል፤ የሰማው ሰውም ይሞታል። ደንቡን ራሳችሁ ጻፉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሊያግዛችሁ ይችላል፤ ብዕሩን ግን እናንተ ያዙ። ከዚህ በታች ያለው ለልምምድ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። ባዶውን ቦታ እየሞላችሁ ገልብጡት።

«እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው የ........ ወንዝ ዳር ነዋሪዎች ዛሬ ........ ቀን ........ ዓ.ም. ተሰብስበን ተስማምተናል። ከወንዙ ጫፍ ........ ሜትር አይታረስም። የተከለለው መሬት ባለ ይዞታ ያው የቀድሞው ሰው ነው። ሣሩን በመጀመሪያ እርሱ ያጭዳል። በቦታው ላይ የተተከለው ዛፍ ሲደርስ የሚቆረጠው ማኅበሩ ተነጋግሮ ሲፈቅድ ነው፤ ከሽያጩ ግማሹ ለባለ መሬቱ፣ ግማሹ ለማኅበሩ ይሆናል። አንድ ዛፍ የቆረጠ ሁለት ይተክላል። ከብት ያስገባ በመጀመሪያ ይመከራል፤ ሁለተኛ ........ ብር ይከፍላል።»

ግማሽ በግማሽ ያልነው ለምሳሌ ነው። እናንተ በሌላ መንገድ ብትስማሙ ያንኑ ጻፉ። ከሥር ስማችሁን ጽፋችሁ ፈርሙ። ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፤ ሣሩን የምታጭደውም፣ ችግኙን በበጋ ውኃ የምታጠጣውም ብዙ ጊዜ እርሷ ናት፤ ሳትጠየቅ የተጻፈ ደንብ በእርሷ ላይ የተጫነ ሥራ ነው። በአውራ ጣት ብቻ መፈረም የለመዳችሁ ዛሬ በብዕር ሞክሩ። አንድ ቅጂ በማኅበሩ፣ አንድ ቅጂ በቀበሌ፣ አንድ ቅጂ ማዶ ባሉት ዘንድ ይቀመጥ።

ሒሳብና ጥያቄ

1. 60 ሜትር ርዝመት ባለው ዳር ላይ የአኻያ ቁራጭ በሁለት መስመር ይተከላል። በእያንዳንዱ መስመር በየሜትሩ አንድ ይተከላል። በጠቅላላ ስንት ቁራጭ ይዘጋጅ?

2. አንድ ማኅበር በሐምሌ 400 ችግኝ ተከለ። በሚቀጥለው ሰኔ ሲቆጠር 260 ቆሞ ተገኘ። ስንት ደረቀ? በደረቀው ምትክ 35 ቤተሰቦች እኩል ተካፍለው ቢተክሉ ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?

3. ዳር በብዛት የሚናደው መቼ ነው? ለምን? በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

4. በወንዛችሁ መጠምዘዣ ላይ ቁሙ። የሚበላው ዳር የትኛው ነው? ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ፈር ድረስ ስንት እርምጃ አለ? ቁጥሩንና ቀኑን በደብተራችሁ ጻፉ። ከመስቀል በኋላ እንደገና ቆጥራችሁ ከሥሩ ጻፉ።